መሪጌታ እና ቀኝ ጌታ የተባሉት ሳጥኖች

በመሥሪያ ቤታችን ሁለት ትልልቅ የብረት ሳጥኖች አሉ። የአንደኛው ስም «መሪጌታ»፣ የሁለተኛው «ቀኝ ጌታ» ነው። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ግንባራቸው ላይ በማርከር የጻፍኩትም እኔው። ለጥገና ከአዲስ አበባ የሚመጡ ባለሙያዎች ባነበቡት ቁጥር ይስቃሉ። ይሳቁ፤ ጥርሳቸውን ብርድ ይምታው! እኔ በእነዚህ ሁለት ሳጥኖች ምክንያት ስንት ጊዜ ተመስገን እንዳልኩ አምላክ ያውቃል።

የምሠራው ደብረ ማርቆስ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት። ሕንጻዎቹ ሁለት ናቸው፤ አሮጌው ገበያው አጠገብ፣ አዲሱ ከተማው ዳር። በየሕንጻው አንድ ሳጥን አለ፤ ሁለቱ በፋይበር ተያይዘው እንደ አንድ ራውተር ይሠራሉ። ራውተር ለማያውቀው ሰው፣ እያንዳንዱ መልእክት በየት በኩል እንደሚሄድ የሚወስን መሣሪያ ነው። በውስጡ ሁለት ዓይነት ሥራ አለ። አንደኛው የተሸካሚ ሥራ ነው፤ የመጣለትን እያነሣ ወደተባለው በር ማሳለፍ ብቻ። ሌላው የአዛዥ ነው። አዛዡ ከሌሎች ራውተሮች ጋር ሲነጋገር ይውላል፤ የትኛው መንገድ ክፍት ነው፣ የትኛው ተዘጋ፣ በየት ይሻላል እያለ ያጣራና ለተሸካሚው «በዚህ ሂድ» ይለዋል። እኛ አዛዡን ጭንቅላት እንለዋለን።

ሁለት ሳጥን ሲኖር ተሸካሚው በዛ፤ እሰየው ነው። ግን ጭንቅላቱም ሁለት ሆነ፤ ሁለት ጭንቅላት እኩል ማዘዝ ከጀመረ ደግሞ ጉድ ይፈላል። ስለዚህ አንዱ ያዛል፤ ሌላው ሁሉን እየሰማ፣ አዛዡ የሚያውቀውን ሁሉ እያወቀ፣ አፉን ዘግቶ ይጠብቃል። አዛዡ አንድ ነገር ቢሆን በዚያው ቅጽበት ይቀጥላል። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይሉ የለ? ያው ነው።

ሳጥኖቹ የመጡ ጊዜ ታዲያ መሪው ማን፣ ተጠባባቂው ማን ይሁን የሚል ጥያቄ ተነሣ። ሁለቱን ሕንጻዎች የሚያስተዳድሩ ሁለት ሽማግሌ ኃላፊዎች ነበሩን፤ የድሮ ወዳጆች። በር ላይ ከተገናኙ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ በሞቴ እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባሉ ከኋላቸው ያለነውን ሁሉ ብርድ ላይ የሚያቆሙ ዓይነት ናቸው። ስብሰባው ላይ ጥያቄውን ባቀረብኩ ጊዜ ሁለቱም ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። የአሮጌው ሕንጻ ኃላፊ ጉሮሮአቸውን ጠረጉና «የእኔን ተጠባባቂ አድርጉት፣ ግድ የለም» አሉ። የአዲሱ ሕንጻ ኃላፊ «እርስዎ እያሉ? ኧረ ነውር ነው! የእኔ ይሁን» አሉ። እንዲህ ሲሉ ግን የሁለቱም ፊት ተጠባባቂ መሆኑን እንዳልወደደው እያየሁ ነው። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ገላገሉን፦ «እኩል ይሁኑ በቃ። ሰው አናስቀይም።»

እርር ድብን አልኩ። «እኩል የሚባል ነገር የለም፣ ከመጀመሪያው መሪው ካልታወቀ በችግር ቀን ይጣላሉ» ብዬ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ በመጨረሻም ተቀመጪ ተባልኩ። እኩል ሆኑ። የሌላ አገር መሐንዲስ ገንዘብ አንሶት ይሳሳት ይሆናል፤ እንቅልፍ አሸንፎት ይሳሳት ይሆናል። በይሉኝታ ራውተር የሚያበላሽ ሕዝብ ግን ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

የሆነው ሆነ። የውኃ ቧንቧ ሊቀብሩ መንገድ ሲቆፍሩ የነበሩ ሰዎች በሁለቱ ሕንጻዎች መካከል ያለውን ፋይበር ቆረጡት። ሁለቱም ሳጥኖች ደህና ናቸው፤ ግን መስማማት ቀርቶ መሰማማት አቃታቸው። ይኼኛው «ያ ሞቷል፣ ወንበሩ የእኔ ነው» አለ፤ ያኛውም እንደዚያው። ሁለቱም በአንድ ስም፣ በአንድ አድራሻ ማዘዝ ያዙ። መልእክቱ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ እየባከነ፣ ባለጉዳዩ በየመስኮቱ ተኮልኩሎ «ሲስተም የለም» ሲባል ዋለ። እኔ በባጃጅ አዲሱ ሕንጻ ደርሼ አንዱን ሳጥን በገዛ እጄ እስካጠፋው ድረስ ከተማው በእኛ ላይ ያላለው ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ ማንም ተቀመጪ አላለኝም። የአሮጌው ሕንጻ ሳጥን መሪ እንዲሆን አደረግኩ። ፋይበሩ ቢቆረጥ «አለህ ወይ?» የሚባባሉበት ቀጭን መስመር በሌላ አቅጣጫ ዘረጋሁ። አንድ ሌላ ነገርም ጨመርኩ፤ ወድቆ የተነሣ ሳጥን፣ የቱንም ያህል የቀድሞ መሪ ቢሆን፣ እንደተነሣ ወንበሬን ማለት አይችልም። መጀመሪያ ይቀመጣል፤ እሱ በሌለበት የተለወጠውን ሁሉ ከተተካው ሳጥን ይሰማል፤ ቦታው የተጠባባቂ ነው። ይህ ደንብ ወደፊት ስለሚያስፈልገን ልብ ይባልልኝ።

የቀረው ሽማግሌውን ማሳመን ነበር። የአዲሱ ሕንጻ ኃላፊ ማኅሌት የማይቀርባቸው ሰው ናቸው። «ጌታዬ፣» አልኳቸው፣ «ማኅሌት ላይ መሪጌታው ሲመራ ቀኝ ጌታው ምን ያደርጋል?» «ይቀበላላ።» «መሪጌታውን ሳል ቢይዘውስ?» «ያው ቀኝ ጌታው ያነሣዋል እንጂ ዜማው ይቆማል እንዴ!» «መሪጌታው የሚያውቀውን ሁሉ ያውቃል?» ተቆጡ፦ «ምን ማለትሽ ነው? ቀኝ ጌታማ ሁሉን ያልያዘ እንደሆነ ምኑን ቀኝ ጌታ ሆነ?» «እንግዲያው የእርስዎ ሳጥን ቀኝ ጌታ ነው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ሳቁ። በማግስቱ «ስሙን ጻፊበት» ብለው ማርከር የላኩልኝ እሳቸው ናቸው።

ይህን ምሳሌ ከየት አመጣሽው አትሉኝም? አባቴ ከጉንደ ወይን ወጣ ብሎ ያለ ደብር መሪጌታ ናቸው። ከተማሪዎቻቸው መካከል ስላደግኩ እኔም እንደ እነሱ «የኔታ» ነው የምላቸው፤ አባባ ብያቸው አላውቅም። ሴት ልጅ ዜማ ቤት አትገባም፤ እኔ ግን ደጃፉ ላይ ስንዴ እየለቀምኩ እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሂጂ አላሉኝም። ተማሪው ቃል ሲስት እኔ ቀድሜ ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ ያዩኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይስቃሉ። ዛሬ ሰው የሚከፍለኝበት ነገር፣ ማለትም ማን እንደሚመራ፣ ማን እንደሚቀበል፣ ማን መቼ ዝም እንደሚል ማወቅ ከዚያ ደጃፍ ያገኘሁት ነው። ለዚህ እግዜር ይስጥልኝ ማለት ብቻውን ያንሳል።

ባለፈው ክረምት የኔታ የሳንባ ምች ያዛቸው። ደብረ ማርቆስ አምጥቼ አሳከምኳቸው፤ ዳኑ፣ ተመስገን። ግን ሐኪሙ ለጥቂት ወራት ከእኔ ዘንድ እንዲቆዩ አዘዘ። በደብሩ የእሳቸው ምክትል የነበሩት ቀኝ ጌታ፣ አብሮ አደግ ጓደኛቸው፣ በእሳቸው ቦታ ይመሩ ጀመር። አባቴ ቤቴ ቁጭ ብለው ሊፈነዱ ደረሱ። እናቴ አብራቸው መጥታ ነበርና እሷ ላይ፣ ሬዲዮው ላይ፣ የጎረቤቱ ዶሮ ላይ ሳይቀር ይቆጡ ነበር። የሚያባብላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጥር የሚውለው የደብራችን ንግሥ። «በንግሡ እኔ ነኝ የምመራው» ይላሉ።

አይችሉም። ይህን እናቴም ታውቀዋለች፣ እኔም አውቀዋለሁ። ትንፋሻቸው አጥሯል፤ ከበድ ያለውን ዜማ ሲሞክሩ መሐል ላይ ሳል ይዟቸው ይቀራሉ። አንዳንዴም ቀጣዩ ቃል ይጠፋባቸውና ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈልጉታል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ፣ በራሳቸው ተማሪዎች ፊት እንዲህ ቢሆኑ አይችሉትም፤ ሰውየው ልባቸው ይሰበራል። አይምሩ ቢባሉ ደግሞ ያው ይሰበራል፤ ዕድሜአቸውን በሙሉ የኖሩት በዚያ ወንበር ነውና። «እማ፣ ንገሪያቸው እንጂ» አልኳት። «እኔ? ምን በወጣኝ! አንቺ ንገሪ» አለች። የደብሩ አለቃ ስልክ ደውለው «ወንበርዎ ይጠብቅዎታል» አሉ። ቀኝ ጌታውም ደወሉ፦ «እንኳን ማረዎ፤ መቋሚያዎ ካስቀመጡበት አልተነሣም።» አያችሁ ይሉኝታን! ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይፈራል፣ ሁሉም «እኩል ይሁኑ» እያለ ነው። ያ የተቆረጠ ፋይበር ትዝ አለኝ።

ከገና በፊት አንድ ጠዋት፣ የሳጥኖቹን ሶፍትዌር ለማደስ ተራ ደርሶ ነበር። «የኔታ፣ የምሠራበትን አይተውት አያውቁም፤ ይምጡ» አልኳቸው። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው መጡ። የሳጥኖቹ ክፍል በማቀዝቀዣ ስለሚበርድ እንደገቡ «ይኼማ ጮቄ ነው!» አሉ። «መሪጌታ» የሚለውን ሲያነቡ መጀመሪያ ተኮሳተሩ፤ ቀጥሎ ሳቃቸው መጣ፤ ከሳቁ ሳል መጣ። ወንበር አቀረብኩላቸው።

ሳጥኑን ለማደስ መጥፋት አለበት። እኔ ደግሞ ሁልጊዜም አስቀድሜ እሞክረዋለሁ፤ ምክትሉ በእርግጥ መኖሩን ሳላይ ምንም አልጀምርም። «አሁን መሪጌታውን ላጠፋው ነው» አልኳቸው።

«ታሟል?»

«ጤነኛ ነው።»

«ታዲያ ምን አድርጎሽ?»

«ምንም። ቀኝ ጌታው መኖሩን የማውቀው መሪው ዝም ሲል ነው፤ በችግር ቀን ከምሰማው በደህና ቀን ብሰማው ይሻላል።»

አጠፋሁት። መብራቱ ድርግም አለ። የኔታ ጆሮአቸውን አቀኑ። በአገናኝ መንገዱ የጸሐፊዋ ስልክ ይጮኻል፤ ከመስኮቶቹ በኩል የባለጉዳይ ሳቅ ይሰማል፤ ሥራው ቀጥሏል። «ጫጫታው የታለ?» አሉኝ። «የለም። ቀኝ ጌታው ከአዲሱ ሕንጻ አንሥቶታል። ተሸካሚዎቹ እንኳ ያወቁ አይመስለኝም።» ራሳቸውን ነቀነቁ፦ «ጎሽ! ቀኝ ጌታ ማለት እንዲህ ነው።»

እድሳቱ አለቀና ሳጥኑን መልሼ አበራሁት። የኔታ ጎንበስ ብለው መብራቶቹን ሲያዩ ቆዩ። «አሁን ወንበሩን ይመልሳል?»

ይህን ጥያቄ እንዲጠይቁኝ ነበር ያመጣኋቸው፤ ሲጠይቁኝ ግን ምነው ባልጠየቁኝ አልኩ። «አይመልስም፣ የኔታ» አልኳቸው። «ከወደቀበት የተነሣ መጀመሪያ ይቀመጣል። ያዳምጣል። እሱ በሌለበት የተለወጠ ብዙ ነገር አለ፤ ያን ሳይሰማ ቢመራ ሁሉንም ያሳስታል። አሁን ቀኝ ጌታው እሱ ነው።»

«ማን ከለከለው?»

«እኔ።»

ሳጥኑን እንጂ እኔን ሳያዩ «ጨካኝ ነሽ» አሉ። ተነሡ። ያን ቀን እራታቸውን አልበሉም፤ እናቴ «ምን አደረግሻቸው?» እያለች በዓይኗ ስትበላኝ አመሸች። እኔም ምላሴን ረገምኩት። አባት ናቸው እኮ! ለአባት በራውተር ይነገራል?

የንግሡ ቀን ደረሰ። አባቴና እናቴ ቀድመው ሄደው ነበር፤ እኔ ሚኒባስ ይዤ ስደርስ ታቦቱ ወጥቶ፣ ዑደቱ አልቆ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በምሥራቅ በኩል ቆሟል። ፀሐዩ ሞቅ ብሏል። ሊቃውንቱ ለወረብ በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ ከበሮው መሐል ነው። የመሪጌታው ቦታ ክፍት ነው። ማንም ሊገባበት አልደፈረም።

የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ከሰው መሐል ወጡ። እናቴ ክንዴን ጨምቃ ይዛኛለች። ወደ ክፍቱ ቦታ ሄዱ፣ ሄዱ፣ አጠገቡ ደረሱና አለፉት። በቀኙ ረድፍ ራስ ላይ፣ ቀኝ ጌታ በሚቆምበት፣ ቆሙ። ጓደኛቸውን አዩአቸውና «ይምሩን» አሉ።

«ኧረ የኔታ! እርስዎ እያሉ?»

«ይምሩን አልኩ እኮ!» ብለው መሬቱን በመቋሚያቸው መቱ። ያቺን ቁጣቸውን እወዳታለሁ። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም። ቀኝ ጌታው እጅ ነሥተው ገቡና መሩ።

ወረቡ ደመቀ። ጸናጽሉ፣ ሽብሸባው፣ የሴቱ እልልታ ሌላ ነው። የኔታ እየተቀበሉ ነው፤ ትንፋሻቸው ባጠረ ጊዜ ዝም ይላሉ፤ ከጎናቸው ያለው ይሸፍናል፤ ማንም ልብ አላለም። ለካ ተቀባይ ሲሆኑ ሳል አያሳፍርም። ከዚያ፣ ዜማው ከፍ ሊል ሲል፣ መሪው ዝም አሉ።

ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ አፋቸው ተከፍቷል፣ ቃል የለም። ከበሮው አልቆመም፤ ተሸካሚ ምን ጊዜም አያቆምም። ሕዝቡ ገና አላወቀም። እኔ ግን ከደጃፍ ተቀምጬ የሰማሁት ዜማ ነውና ቃሉ የት ጋ እንደጎደለ አወቅኩ። ያኔ ከቀኝ በኩል አንድ ቀጭን ድምፅ ተነሣ። የኔታ ናቸው። ቃሉን ከጎደለበት ቦታ፣ ከነቅላጼው፣ አንዲት ሳያዛንፉ አነሡት። አንድ ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ በቃ። ጓደኛቸው ከእሳቸው ተቀበሉና ቀጠሉ። እልልታው ቀለጠ። ከጎኔ ያሉት ሴትዮ ምንም ሳያውቁ «ምነው እንዲህ ታለቅሻለሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

በደጀ ሰላሙ ጠላና ዳቦ ሲቀርብ የኔታን ተማሪዎቻቸው ከበው ጉልበት ሊስሙ ይጋፋሉ። እኔ ቀኝ ጌታውን ጥግ አገኘኋቸውና ጉልበታቸውን ስሜ ቀለድኩባቸው፦ «አባቴ፣ ዛሬስ ደነገጡ እንዴ? ቃል ጠፋብዎት አይደል?»

ዙሪያቸውን ቃኙ። «ያ ወረብ ጥርሴን የነቀልኩበት ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ተኝቼም አልስተው።»

«ታዲያ?»

«ዛሬ ጠዋት አባትሽ ስለ ሳጥኖችሽ ሲያጫውቱኝ ነበር። ‹ልጄ ጤነኛውን መሪ ሆን ብላ ዝም ታሰኘዋለች፤ ምክትሉ መኖሩን የምታውቀው በዚያ ነው› አሉኝ። ሳቅን። ቀጥለው ድምፃቸው ዝቅ አለና ‹እኔስ መኖሬን ማን ያውቃል?› አሉ።» ቀኝ ጌታው የጠላ ዋንጫቸውን አስቀመጡት። «ምን ላድርግ ታዲያ? ዝም አልኩ።»

ጉልበታቸውን ደግሜ ሳምኩ፤ ከዚያ የሚሻል ምስጋና አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም። ሁሉ ሰው የሚሰማቸው በዚያ ሰዓት፣ አላወቁም ተብለው ለመታማት ፈቅደው፣ ለአባቴ አንድ ቃል ተዉላቸው። ይህን የምጽፈው ለእሳቸው ምስጋና ነው። አባቴ እንደማያነቡት አውቃለሁ፤ በዓለማዊ ጽሑፍ መነጽራቸውን አያደክሙም።

ወደ ቤት ስንመለስ የኔታ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። ሳላቸው ጠፍቶ ነበር፤ ወይም እሳቸው ረስተውት ነበር። መኪናው ገና ሳይንቀሳቀስ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ ካየሁ ቆይቷል።

«ሰማሽው አይደል? ረሳ እኮ!» አሉ። «ያን የመሰለ ሊቅ፣ ቃሉ ጠፋው! እኔ ባልኖርለት ዛሬ ምን ይውጠው ነበር?»

እናቴ አየችኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ።

«እንኳን ኖሩለት፣ የኔታ» አልኳቸው።